ያልተነካ ዲናሞ

ኢንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2,560 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ቤንዚን ደግሞ ያለ ኦክስጅን አይነድም። ስለዚህ በከተማዋ ዳገት ላይ የሚያቃስተው ባጃጅ ፋብሪካው ከሰጠው ጉልበት ሩብ ያህሉን ሳያገኘው ይውላል። ዲናሞ ግን አይተነፍስም። በሪሞት መኪና ሆድ ውስጥ ያለችው ትንሽ ጣሳ መሳይ ዲናሞ በጅቡቲ ወደብም ሆነ በኢንጅባራ አስፋልት ላይ የምትሰጠው ጉልበት ያው ነው። ፍጥነት ለሚወድ የኢንጅባራ ወጣት ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም።

ከፋብሪካ እንደወጣ ባልተነካ ዲናሞ መሮጥ በዓለም ላይ ራሱን የቻለ የውድድር ምድብ ነው፤ «ስቶክ» ይባላል። የጃፓኑ ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1976 የመጀመሪያውን የሪሞት መኪናውን ፖርሽ 934ን ሲያወጣ የገጠመለት የማቡቺን 540 ዲናሞ ነበር። የዚያው ቤተሰብ ዲናሞ ከብዙ ዓመታት በኋላም ቲቲ-02 ከሚባለው ኪት ጋር አብሮ ይመጣል። ቆርቆሮው ታጥፎ የተዘጋ በመሆኑ ፈትቶ ሽቦውን እንደገና መጠቅለል አይታሰብም፤ የምድቡም ሕግ አይፈቅድም። ኤሌክትሪክ የሚያቀብል ካርቦን የሌላቸው ባለ 17.5 እና ባለ 21.5 ዙር ጥቅል ዲናሞዎች የሚሰለፉባቸው ምድቦችም አሉ። እዚያም ሁሉም ተመሳሳይ ጉልበት ይዞ ይቀርባል፤ ቀሪው የገጣጣሚው እጅ ሥራ ነው።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ ዲናሞውን ለመጭመቅ ይሞክራል። ከዲናሞው የሚጨመቅ ትርፍ ነገር ግን የለም። ጉልበቱ ከዘንጉ ወጥቶ ጎማው ጋ እስኪደርስ ድረስ በየደረጃው የሚበላው አለ፤ የሙያው ዋና ሥራ እነዚህን በላተኞች አንድ በአንድ ማግኘት ነው።

የመጀመሪያው ካርቦኑ ላይ ነው። አዲስ ካርቦን ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፤ የሚፋተግበት መዳብ ደግሞ ክብ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት በቀጭን መስመር ብቻ ስለሆነ ኤሌክትሪኩ በጠባብ በር ለማለፍ ይጋፋል፣ ብልጭታ ይበዛል፣ መዳቡም ይቃጠላል። ፈውሱ ትዕግሥት ነው፦ ዲናሞውን ከመኪናው አውጥቶ በሁለት ድንጋይ፣ ማለትም በ3 ቮልት፣ ያለ ጭነት ቀስ ብሎ እንዲዞር መተው። ካርቦኑ የመዳቡን ቅርጽ እስኪይዝ መጠበቅ፣ ከዚያ ብናኙን መንፋት፣ ዘንጉ በሚዞርበት በሁለቱም ጫፍ አንዳንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ማድረግ። ዲናሞውን ውኃ ውስጥ ነክሮ የሚያዞር አለ። በእርግጥ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ካርቦኑን ያለ ልክ ይበላዋል። አንድ ዲናሞ በቀላሉ በማይተካበት ከተማ ደረቁና ዘገምተኛው መንገድ ይሻላል።

ሌላው በላተኛ እንደ ፍጥነቱ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካዊው ኒክ ኬዝ የሠራው የሪሞት መኪና በሰዓት 325 ኪሎሜትር ገደማ ሮጦ በጊነስ መዝገብ ሰፍሯል። በዚያ ፍጥነት ትልቁ ጠላት አየር ነው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አየሩን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 20 ኪሎሜትር አካባቢ ለሚሮጥ የስቶክ መኪና ግን ከአየሩ ይልቅ የሚበላው ፍትጊያ ነው። ስለዚህ የኢንጅባራ ስስ አየር ለሰውነቱ ቅርጽ የሚያበረክተው ነገር ትንሽ ነው፤ ዓይን መዞር ያለበት ወደ ውስጥ ነው። ብዙ ርካሽ ኪቶች ጎማው የሚዞርበት ቦታ ላይ የፕላስቲክ ቡሺንግ አላቸው። በኩሽኔታ ሲተኩ መኪናው ተገፍቶ ሲለቀቅ የሚሄደው ርቀት ወዲያው ይረዝማል። ጊር ሳጥኑ ውስጥ የተሞላው ወፍራም ግራሶም ጉልበት ይበላል፤ ስስ ቅብ ይበቃል። ትንሿና ትልቁ ጊር የሚነካከሱበት ቦታ ላይ ስስ ወረቀት አስገብቶ ማሰርና ከዚያ ወረቀቱን ማውጣት ልክ የሆነ ክፍተት ይተዋል። ጠብቆ የታሰረ ጊር እየጮኸ ይሞቃል፤ የላላ ደግሞ ጥርሱን ያረግፋል።

ኤሌክትሪኩም መንገድ ላይ ይሰረቃል። 20 አምፔር በሚፈስበት ሽቦ ላይ የ0.02 ኦም መጥፎ መገናኛ 0.4 ቮልት ይወስዳል፤ ከ7.2 ቮልት ባትሪ ላይ ይህ ከመቶ አምስት በላይ ነው፤ የዲናሞው ፍጥነትም በዚያው ልክ ይወርዳል። አጭርና ወፍራም ሽቦ፣ በደንብ የተበየደ ጫፍ፣ ያልዛገ ሶኬት ያስፈልጋል። በኢንጅባራ ማለዳ ደግሞ ብርድ አለ። የቀዘቀዘ ባትሪ ውስጣዊ ተቃውሞው ስለሚጨምር መኪናው የታመመ ይመስላል፤ እስኪሮጥ ድረስ ባትሪውን ጃኬት ኪስ ውስጥ ማቆየት ቀላል መላ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያከራክረው የጊር ምርጫ ነው። በቲቲ-02 ላይ ትልቁ ጊር 70፣ ትንሿ 22 ጥርስ አላቸው፤ ከውስጠኛው የ2.6 ቅነሳ ጋር ሲባዛ ዲናሞው 8.27 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል ማለት ነው። ባለ 64 ሚሊሜትር ጎማ በአንድ ዙር 20 ሴንቲሜትር ያህል ይሄዳል። ዲናሞው ጭነት ይዞ በደቂቃ 13 ሺህ ጊዜ ዞረ ብንል በሰዓት 19 ኪሎሜትር ይወጣል። ትንሿ ጊር ባለ 25 ጥርስ ብትሆን ቅነሳው ወደ 7.28 ይወርዳል፤ በወረቀት ላይ ፍጥነቱ ከ21 ያልፋል።

ወረቀቱ ያልቆጠረው ዲናሞው የሚከፍለውን ዋጋ ነው። ጊሩ በረዘመ ቁጥር ዲናሞው በዝግታ እየዞረ የበለጠ ጉልበት እንዲያወጣ ይገደዳል፤ ጉልበት የሚመጣው ከአምፔር ነው፤ ሙቀት ደግሞ በአምፔሩ ስኩዌር ያድጋል። የመዳብ ሽቦ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ተቃውሞው 0.4 ከመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የፌራይት ማግኔት ደግሞ 0.2 ከመቶ ያህል ይደክማል። ከ20 ወደ 80 ዲግሪ የሞቀ ዲናሞ ሽቦው ሩብ ያህል ከብዶበት፣ ማግኔቱ ከአሥር አንድ በላይ ሰንፎበት ይሮጣል። በኢንጅባራ ጥር 23 የሚከበረውን፣ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየውን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ያየ ሰው ይህን አያጣውም፦ መነሻው ላይ አቅሙን የጨረሰ ፈረስ መድረሻው ላይ ይቀደማል። በረጅም ጊር የሚሮጥ መኪናም የመጀመሪያዋ ሩጫ ፈጣን፣ አራተኛዋ ደግሞ ከበፊቱ ጊር ያነሰች ትሆናለች።

ስለዚህ ጥርሱን አንድ በአንድ መጨመርና ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ ጣሳውን በጣት መንካት ያስፈልጋል። ጣት ሦስት ሰከንድ መቆየት ካልቻለ ጊሩ በዝቷል፤ አንድ ጥርስ መመለስ ነው። እዚህ ላይ ከፍታው የሰጠውን ያህል ይወስዳል። ስስ አየር ሙቀትን አጥቦ የመውሰድ አቅሙ ያነሰ ነው፤ ብርዱ ያንን በከፊል ይክሰዋል፣ እኩለ ቀን ላይ ግን አይክሰውም።

ፍጥነቱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አስፋልት ላይ 20 ሜትር በጠመኔ ማስመር፣ መኪናው ከመስመሩ በፊት ሙሉ ፍጥነት እንዲይዝ ማድረግና በስልክ መቅረጽ ይበቃል። ቪዲዮው በሰከንድ 30 ምስል ከያዘና መኪናው 108 ምስል ከፈጀበት፣ 3.6 ሰከንድ ነው፤ በሰዓት 20 ኪሎሜትር። አንድ ምስል ስቶ መቁጠር ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ያሳስታል። ንፋስና ተዳፋት እንዳያታልሉ በሁለቱም አቅጣጫ ሮጦ አማካዩን መውሰድ ግድ ነው። ኮብልስቶን ላይ የተለካ ፍጥነት ለንጽጽር አይሆንም፤ ጎማው እየነጠረ ስለሚዞር ዲናሞው የሠራው ከፊሉ አየር ላይ ይቀራል።

ዳንግላ ከኢንጅባራ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። እዚያ ባትሪው በማለዳ ብዙም አይቀዘቅዝም፣ ትንሽ የወፈረው አየርም ጣሳውን በመጠኑ ያቀዘቅዛል፤ ነገር ግን ቀኑ ሞቃት ስለሆነ ዲናሞው ገና ሳይነሳ ሞቆ ይጠብቃል። በኢንጅባራ ማለዳ ልክ የነበረችው ባለ 24 ጥርስ በዳንግላ እኩለ ቀን ልትበዛ ትችላለች። መኪናውን ይዞ የወረደ ሰው ከ22 ጀምሮ እንደገና ይለካል።