የተለማማጅነት ውል እንደ ትምህርት ታሪክ ሰነድ፤ ሒሳዊ አስተያየት

የተለማማጅነት ውሎች በትምህርት ታሪክ ጥናት የሙያ ሥልጠና ማስረጃ ሆነው ይጠቀሳሉ። ይህ አመለካከት ግን ሳይመረመር የሚወሰድ አይደለም።

በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት ባርነት የተሻረው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1864 ነው። ከ2 ቀን በኋላ፣ በገጠራማው የታልቦት አውራጃ፣ ኤሊዛቤት ተርነር የተባለች ጥቁር ልጅ ለቀድሞ ጌታዋ በተለማማጅነት ውል ታሰረች። የተመደበላት ሙያ የቤት አገልጋይነት ነበር። ሕጉ ነጭ ተለማማጅ ንባብ፣ ጽሕፈትና ሒሳብ እንዲማር ሲያዝ፣ በእርሷ ውል ይህ ግዴታ አልተጻፈም። በአንጻሩ ጌታዋ በአውራጃው ውስጥ ለፈቀደው ሰው ሊያስተላልፋት ይችል ነበር፤ ሕጉም ሥልጣኑን ንብረትና ጥቅም ብሎ ሰይሞታል። በ1867 ዋና ዳኛ ሳልሞን ቼዝ፣ ውሉ 13ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያና የ1866ቱን የሲቪል መብቶች ሕግ የሚጥስ መሆኑን ገልጸው ልጅቷን ነጻ አወጧት።

ስለዚህ ተመራማሪው የእነዚህን ውሎች ብዛት ከመቁጠሩ በፊት፣ በእያንዳንዱ ውል ጌታው ለልጁ ምን ግዴታ እንደገባ ሊጠይቅ ይገባል። የማስተማር ግዴታ የሌለበት ውል ተለማማጅነት ቢባልም፣ ቦታው በትምህርት ታሪክ ሳይሆን በባርነት ታሪክ ውስጥ ነው።