«አዳኝ» ማን ነው? ስለ ካርል ኤክሊ የሕይወት ታሪክ የቀረበ ሂስ

ፔኔሎፒ ቦድሪ ሳንደርስ በ1991 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ያሳተሙት የካርል ኤክሊ የሕይወት ታሪክ ከዋናው ርእስ በታች «የአፍሪካ ሰብሳቢ፣ የአፍሪካ አዳኝ» የሚል ሐረግ ይዟል። ደራሲዋ በእንግሊዝኛ የጻፉት ቃል ከጥፋት የሚያድነውን ያመለክታል። ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን «አዳኝ» አውሬ የሚያድነውም ሰው ስም ነው። በጽሕፈት አንድ የሆነው ይህ ቃል ሁለት ፍች ስላለው፣ እኛም መጽሐፉን የመረመርነው ለኤክሊ የሚገባው የትኛው እንደ ሆነ በመጠየቅ ነው።

ኤክሊ በ1864 በኒው ዮርክ ግዛት ተወለደ። በዚያ ዘመን የሞተ እንስሳ ለትርኢት ሲዘጋጅ ቆዳው በገለባና ገለባን በመሰለ ነገር ይጠቀጠቅ ስለ ነበር፣ እንስሳው የተሞላ ስልቻ መስሎ ይቀር ነበር። ኤክሊ ይህን ለወጠ። አጥንቱን አቁሞ የጡንቻውን ቅርጽ በጭቃ ይሠራል፤ ቅርጹን በጀሶ ይወስዳል፤ ከዚያም ከወረቀትና ከሽቦ ውስጡ ክፍት የሆነ ቀላል አካል አውጥቶ ቆዳውን ያለብሰዋል። ስለዚህ ሥራው ከቅርጻ ቅርጽ ጥበብ ጋራ የሚቈጠር ነው።

ይሁን እንጂ ጥበቡ የሚጀምረው ከጠመንጃ ነበር። በ1896፣ ይኸውም የዐድዋ ጦርነት በተደረገበት ዓመት፣ ለቺካጎው ፊልድ ቤተ መዘክር አራዊት ለመሰብሰብ ወደ ጎረቤታችን ሶማሌ ምድር መጣ፤ በዚያም ያቈሰለው ነብር ዘሎ ቢይዘው ታግሎ በባዶ እጁ ገደለው። በ1921 ደግሞ ለኒው ዮርኩ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ጎሪላ ፍለጋ ወደ ቤልጅግ ኮንጎ ተጓዘ። አምስት ጎሪላዎችም ተገደሉ። ራሱን እንደ ነፍሰ ገዳይ ላለመቍጠር ብርቱ ትግል እንደ ጠየቀው በ1923 ባሳተመው መጽሐፉ ገልጧል። ከዚያ በኋላ ጎሪላዎቹ እንዲጠበቁ አጥብቆ ለመነ፤ በ1925ም በንጉሥ አልበርት ትእዛዝ የአልበርት ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ። በ1926 በሚኬኖ ተራራ ላይ ሞቶ እዚያው ተቀበረ።

እንግዲህ ሁለቱ ፍቾች በአንድ ሰው ተገናኝተዋል። ደራሲዋ አደኑንም ጥበቃውንም መተረካቸው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን «ሰብሳቢ» ቀድሞ «አዳኝ» ሲከተል፣ የኋለኛው የፊተኛውን የሰረየለት ያስመስላል። እኛ በዚህ አንስማማም። ያዘነው የገደለው እጅ ነው፤ ኀዘኑም የተማረው ከግድያው ነው። ሁለተኛው እትም በ1998 ሲወጣ ይህ ሐረግ ቀርቶ አባዜን የሚያመለክት ርእስ መተካቱ፣ የመጀመሪያው ቃል ከሰውየው በላይ የሰፋ እንደ ነበር የሚያስረዳ ይመስለናል።

ከዚህም የሚበልጥ ጥያቄ አለን። «የአፍሪካ አዳኝ» ሲባል አፍሪካ ማለት አራዊቱ ብቻ ነውን? በ1905 ገና የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ከኤክሊ ጋራ ጉዞ የጀመረው ኪኩዩ ዊምቢያ ጊኩንጉ ጠመንጃ ተሸክሞለታል፣ ፍለጋ መርቶለታል። ኤክሊ በመጽሐፉ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል፤ የምዕራፉ ርእስ ግን ነጮች ያወጡለት «ቢል» የሚለው ስም ነው። በ1936 የተከፈተውም የኤክሊ አዳራሽ ሃያ ስምንት የአራዊት ትርኢቶች አሉት፤ ዱካውን ያገኙትና ቆዳውን የተሸከሙት ሰዎች በዚያ አይታዩም።

በ2018 በተገለጠው ቈጠራ የተራራ ጎሪላዎች ከ1,000 በላይ መሆናቸው ስለ ታወቀ፣ የኤክሊን ውለታ መካድ አይገባም። መጽሐፉም ሊነበብ የሚገባው ነው። ግን አንባቢው «አዳኝ» የሚለውን ቃል ባገኘ ቍጥር ሁለቱንም ፍቾች አብሮ እንዲያነብ፣ ቀጥሎም «ጠመንጃውን የተሸከመው ማን ነበር?» ብሎ እንዲጠይቅ እንመክራለን።