ጥሩ ገመድ በምን ይለያል?

ገመድ ገዢ ብዙ ጊዜ ውፍረት አይቶ ይወስናል። ውፍረት ግን ያታልላል። የቃጫ ገመድ ሲመርጡ በሁለት እጅ ይያዙትና ከከረረበት በተቃራኒ ጥቂት አላልተው ይልቀቁት። በራሱ ጊዜ ተመልሶ ከተጠመዘዘ ገማጁ ሥራውን ያውቃል። እያንዳንዱ ፈትል ወደ አንድ አቅጣጫ ይከርራል፤ ፈትሎቹ አንድ ላይ ሲገመዱ ግን ወደ ተቃራኒው ነው። አንዱ ልፈታ ሲል ሌላውን ያጠብቃል። አንድ ሜትር ገደማ የሆነ ቃጫ ያለ ሙጫና ያለ ስፌት ረጅም ገመድ የሚሆነው በዚህ መተሻሸት ነው። እኩል ያልከረረ ፈትል ካለበት ሸክሙ በጠበቀው ላይ ብቻ ይወድቅና እሱ ቀድሞ ይበጠሳል።

ጠፍር ሌላ ዓይን ይፈልጋል። ትግራይ ውስጥ ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣው (ወንድ ብቻ ነው የሚገባው) 15 ሜትር ያህል ገደል በተጎነጎነ ጠፍር ተንጠላጥሎ ነው፤ ሌላ ገመድ ወገቡ ላይ ይታሰርለትና መነኮሳቱ ከላይ ይስቡታል። ጠፍር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ይለጠጣል። ስለዚህ መሐሉን ትተው የሚታጠፍበትንና ድንጋይ የሚፈትገውን ቦታ ይመርምሩ።

ማተብ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። በክርስትና ዕለት፣ ወንዱ በ40 ሴቷ በ80 ቀን፣ አንገት ላይ የሚታሰረው ክር የሚያነሣው ነገር የለም። ሰው ግን ይምልበታል። የእሱ ሸክም አይታይም።

ሥዕል ላይ ግን ሸክሙ መታየት አለበት። በትውፊት እንደሚነገረው በ6ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ አረጋዊን ወደ ደብረ ዳሞ ያወጣቸው ዘንዶ ነው፤ እንዳይጎዳቸው ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን ይዞ ይጠብቅ ነበር። ይህን የሚሥል ሰዓሊ የሚፈተነው ዘንዶው ላይ ነው። አውሬ ካልመሰለ የጻድቁ እምነት ይቀልላል፤ ገመድ ካልመሰለ ደግሞ ማንንም አያወጣም። ብዙዎች ቅርፊቱን በነጠብጣብ ሲያስጌጡ ይቆዩና ከገደሉ አፍ እስከ ጻድቁ ድረስ ያለውን አካሉን እንደ ሐረግ ያጥመለምሉታል። ሰው የተንጠለጠለበት ነገር እንዴት ይጥመለመላል? የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የክብደትን ሕግ ለማስተማር አልተሣለም የሚሉኝ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ቢሆንም የጻድቁን እጆች አያለሁ። ጣቶቹ ዘንዶውን በወጉ ካልጨበጡ፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር ለዚያ ሥዕል ገንዘቤን አላወጣም።