ልጅቷስ የት ሄደች?

የፍቅር ግጥም በተነበበ ቁጥር ሮቤም ሆነ ጎባ የሚነሳው ክርክር አንድ ዓይነት ነው። አንዱ «ይሄማ ስለ ፈጣሪ ነው» ይላል፤ ሌላው ዓይኑን ጠቅሶ «ኧረ ማን ናት እሷ?» ይላል። ሁለቱም ግጥሙን አላነበቡትም። አንዱ ከልጅቷ ሸሽቷል፤ ሌላው ሐሜት ፍለጋ ከግጥሙ ወጥቷል።

የከፋው የመጀመሪያው ነው፤ ጨዋ ይመስላላ! መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን ውሰዱ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን «ሴቲቱ ማን ናት?» ስላቸው ጥያቄዬን ሳልጨርስ «ቤተ ክርስቲያን!» ይሉኛል። ሊቃውንቱም ብለውታል፤ ክርክር የለኝም። «ምን ደረሰባት?» ብዬ ስቀጥል ግን ዝም። ብዙ ደርሶባታል። ምዕራፍ 1 ላይ የእናቷ ልጆች ተቆጥተው የወይን ጠባቂ አድርገዋታል። ምዕራፍ 5 ላይ ውዷን ፍለጋ በሌሊት ስትወጣ የከተማው ጠባቂዎች ያገኟታል፤ ደብድበው ያቆስሏታል፣ መከናነቢያዋንም ይገፏታል። ምዕራፍ 8 ላይ ደግሞ ውዷ ወንድሟ በሆነ ብላ ትመኛለች። ለምን? ወንድምን በአደባባይ ቢስሙት የሚንቅ የለማ!

እስቲ ይቺን ምኞት ቆም ብላችሁ አስቧት። ያፈቀረች ሴት፣ ለመንገዱ ዓይን ስትል ብቻ፣ የምትወደውን ሰው ወንድሜ በሆነ ስትል። የተከለከለ ፍቅርን ከዚህ ባጠረ ቃል የተናገረ አላጋጠመኝም። ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያች አጭር መንገድ እንደማይተዋወቅ ሰው ሚኒባስ ውስጥ ተራርቀው የሚቀመጡ ሁለት ወጣቶች ይህን ምዕራፍ ከእኔ ይበልጥ ይተነትኑታል።

አባቶቻችን እንዲህ አልሸሹም። የአንድምታ መምህር መጀመሪያ ነጠላውን ትርጉም ይናገራል፤ ቀጥሎ «አንድም» ብሎ ሌላ ይጨምራል። ይጨምራል እንጂ የፊተኛውን አይሰርዝም። ሰምና ወርቅም ቢሆን ከአንጥረኛ ቤት የመጣ ነገር ነው፤ ሰሙ ቀልጦ ቢፈስም ወርቁ የሚይዘው የሰሙን ቅርፅ ነው። የጠባቂዎቹ ዱላ ያላመመው አንባቢ ነፍስ ፈጣሪዋን ስትናፍቅ ምኑ ያመዋል?

የባሌ ሰው ደግሞ ለዚህ ዓይነት ንባብ ባዳ አይደለም። ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚጓዘው ምእመን በኦሮምኛ የሚያዜማቸው ውዳሴዎች ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ አይተርኩም፤ በፍንጭ ያልፋሉ። የለንደን ዩኒቨርሲቲው ምሁር አንድዜየቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተመው ጥናት ስለዚሁ የፍንጭ አነጋገር ነው። ፍንጭ የሚገባው ግን ታሪኩን አስቀድሞ ለሚያውቅ ነው። ታሪኩን ጥለህ ምስጢሩን ብቻ ስጡኝ ማለት አይቻልም።

ታዲያ የመምህር ጭቅጭቅ ነው ብላችሁ እንዳታልፉኝ። እዚህ አገር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ገበያ ይገበያያል፣ አንድ ክፍል ይማራል፣ አንድ ለቅሶ ይቀመጣል። ጋብቻ ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ይቀየራል። ስለ መለኮታዊ ናፍቆት ሲዜም እንባው የሚመጣ አባት፣ ልጁ ከጎረቤት ልጅ ጋር ታየች ሲባል ዱላ ይፈልጋል። ልጃችሁን ለማን እንደምትድሩ መንገር የእኔ ሥራ አይደለም። ግጥሙን ስናነብ ግን ቶሎ ወደ ሰማይ የምንዘለው ለአምልኮ ብቻ አይመስለኝም። መሬት ላይ ከቆየን ጠባቂዎቹ እነማን እንደሆኑ መጠየቃችን አይቀርማ።

በሙስሊሙም ዓለም ይኸው ክስ ተነስቶ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1165 በአንዳሉስ የተወለደው ታላቁ ሱፊ ኢብን አረቢ መካ ውስጥ የአንድ የኢስፋሃን ሼክ ልጅ የሆነችውን ኒዛምን አወቀ፤ «ተርጁማን አል-አሽዋቅ» የተባሉትን የናፍቆት ግጥሞችም ጻፈ። የሐለብ ፉቀሃዎች «ይሄ የሴት ፍቅር ነው እንጂ መንፈሳዊ አይደለም» ብለው ተነሱበት። እሱም ቁጭ ብሎ መንፈሳዊ ትርጉሙን በየስንኙ አብራራ። ማብራሪያው ከሳሾቹን ለመመለስ የተጻፈ ነውና አንዳንዱ ቦታ፣ እውነት ለመናገር፣ ከግጥሙ ይደርቃል። ስንኞቹን ግን አልለወጠም። የኒዛም ስምም ዛሬ ድረስ መጽሐፉ መቅድም ላይ ይነበባል።