ኮርቻ ላይ ሆኖ ባሌን ማየት

እኛ የጾሬና የአሶሳ ልጆች ለፈረስ ባይተዋር ነን። የቆላ ዝንብ የሚያመጣው ገንዲ ፈረስን ስለማይምር ጭነት ስናጓጉዝ የኖርነው በአህያ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሄደን ዲንሾ ላይ ፈረስ ስንከራይ የተደሰትኩትም ለዚህ ነው።

የባሌ ሰው ፈረሱን ያውቃል። የኔን ፈረስ የሚጭነው ወጣት ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈውን ጨርቅ እጥፋት በመዳፉ ዳብሶ አቃናው፤ የተጨማደደ ጨርቅ ጀርባ ይልጣል። ከዚያ እርካቡን በእግሬ ልክ አሳጠረልኝ።

የጋለብንበት ዌብ ሸለቆ 3,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እግረኛን ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ፈረስ ግን የፍልፈል ጉድጓድ በሞላው ሜዳ ላይ እርምጃውን እየመረጠ ይሄዳል፤ ልጓሙን ላላ አድርጎ እሱን ማመን ነው። ቀይ ቀበሮን የሚከታተሉ ባለሙያዎችም እዚህ በፈረስ ይሠራሉ።

የሁሉም በላጭ ጨዋታው ነው! መንገዱ ሲጠብ ተከታትለን ዝም እንላለን፤ ሜዳው ሲሰፋ ጎን ለጎን ሆነን ካቆምንበት እንቀጥላለን። አንዳችን ቀበሮ ካየ ሁሉም ልጓሙን ይይዛል። አሶሳ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ የመጀመሪያ ግልቢያችሁ ባሌ ይሁን።