ሰንደቅ ዓላማ ስለ ለወጡ ሯጮች

ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ ጾመ ፍልሰታ ከገባ አምስተኛ ቀኑ። ከቅዳሴ የወጣን ጥቂት ሰዎች ዝናቡን ሸሽተን ማንኩሳ ከአንዲት ቡና ቤት ተጠልለን፥ በፓሪስ የሚሮጠውን የሴቶች ማራቶን በቴሌቪዥን እናይ ነበር። ወደ መጨረሻው ሁለት ሴቶች ብቻ ቀሩ። አንዲቱ ትግስት አሰፋ ናት፤ በዚያን ጊዜ የዓለምን ክብረ ወሰን የያዘችው እሷ ነበረች። ሁለተኛይቱ የኔዘርላንድን ብርቱካናማ መለያ የለበሰችው ሲፋን ሐሰን። ጥቂት መቶ ሜትር ሲቀር ሲፋን በውስጥ በኩል ላልፍ ስትል ሁለቱ ተጋፉ፤ ሲፋንም በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሴኮንድ ገባች። ትግስት በሦስት ሴኮንድ ተከተለቻት። የኢትዮጵያ ወገን አቤት ቢል አቤቱታው ውድቅ ሆነ።

አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፥ «ያችኛይቱ የማን ልጅ ናት?» ሲሉ ጠየቁ። አንድ ጎረምሳ የአዳማ ልጅ መሆኗን ነገራቸው። እሳቸውም አሰብ አድርገው፥ «ታዲያ ሁለቱም የኛው ከሆኑ ምን ያስጮኻችኋል?» አሉ። ቤቱ ግን ተቈጥቶ ነበር፤ «ከሐዲ» የሚል ቃልም ተሰማ። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ቃል ነው።

ከሐዲ ለመባል አስቀድሞ የተገባ ቃል ሊኖር ይገባል። ሲፋን በ2000 ዓ.ም. በ15 ዓመቷ በስደት ወጣች፤ ሯጭ የሆነችው እዚያው ነው፤ የኔዘርላንድን ዜግነት ያገኘችው በ2006 ዓ.ም. ነው። በውኑ ይህች ልጅ የካደችው ምኑን ነው? ስደተኛን ከውለተኛ ጋር አንድ አድርጎ መርገም ፍርድ አይደለም።

የሌሎቹ ነገር ይለያል። አበባ አረጋዊ በ2004 ዓ.ም. በለንደን ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን መለያ ለብሳ ሮጣ፥ በማግሥቱ ዓመት በሞስኮ የ1,500 ሜትርን የዓለም ሻምፒዮና ለስዊድን አሸነፈች። ቃልኪዳን ገዛኸኝ በ2002 ዓ.ም. በዶሃ ለኢትዮጵያ የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነች በኋላ ወደ ባሕሬን ተሻገረች። ኤልቫን አቤይለጌሴ በልጅነቷ ወደ ቱርክ ሄዳ በ1996 ዓ.ም. የ5,000 ሜትርን ክብረ ወሰን ለዚያች አገር ሰበረች። የአርሲዋ ዘነበች ቶላም ማርያም ዩሱፍ ጀማል ተብላ በኦሳካና በበርሊን ለባሕሬን ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። እኔን፥ እውነቱን ለመናገር፥ ከመለያው ይልቅ የስሙ መለወጥ ያሳዝነኛል፤ እናት ያወጣችው ስም ነውና። ይሁን እንጂ ይህ የኔ ኀዘን ነው እንጂ የሷ በደል አይደለም።

ነሐሴ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በቶኪዮ የተሮጠውን የሴቶች 10,000 ሜትር እናስታውስ። ወርቁን ሲፋን ለኔዘርላንድ፥ ብሩን ቃልኪዳን ለባሕሬን፥ ነሐሱን ለተሰንበት ግደይ ለኢትዮጵያ ወሰዱ። ሦስቱም ኢትዮጵያ ያበቀለቻቸው ናቸው። በዚያ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ ያገኘችው በጠቅላላው አራት ሜዳልያ ሲሆን ወርቁ አንድ ብቻ፥ እሱም የሰለሞን ባረጋ ነበር። ሲፋን ብቻዋን ሁለት ወርቅና አንድ ነሐስ ይዛ ሄደች። ሰውም ይህን እየደመረ፥ እየቀነሰ ሲቈጭ ከረመ። ሒሳቡ ግን ትክክል አይደለም። አንድ አገር ለአንድ ውድድር ከሦስት ሯጭ በላይ አያሰልፍም፤ በኛ አገር አራተኛ የምትወጣ ልጅ በሌላው አገር አንደኛ ትሆናለች። ያችን አራተኛይቱን ቤቷ አስቀምጠን ምን ልናደርግላት እንደምናስብ ስንናገር ሰምቼ አላውቅም።

የመምረጡ ነገር ደግሞ ሌላ ቍስል አለው። በ2008 ዓ.ም. ቀነኒሳ በቀለ ለሪዮ ማራቶን ሳይመረጥ ሲቀር ቅሬታውን በአደባባይ ተናገረ፤ ከቶኪዮ በፊትም ፌዴሬሽኑና የኦሊምፒክ ኮሚቴው ሕዝብ እየሰማ ተጣሉ። ቀነኒሳ የሚያህል ሰው እንዲህ ካለ፥ ስሙ ያልታወቀው የገጠር ልጅ ምን ተስፋ ያደርጋል? የተመራጮች ስም በወጣ ቍጥርም በየቡናው ላይ የሯጩ ደቂቃ መጠየቁ ቀርቶ ዘሩ ይጠየቃል፤ ከየትኛው ወገን ስንት ገባ ተብሎ ይቈጠራል።

በደቡብ አፍሪካ ክሪኬት የሚባል በዱላና በኳስ የሚጫወቱት ጨዋታ አለ። ከአፓርታይድ የወረሱትን በደል ለማረም፥ ከ11ዱ ተጫዋቾች በዓመቱ አማካይ ስድስቱ ነጭ ያልሆኑ፥ ከነዚህም ቢያንስ ሁለቱ ጥቁር አፍሪካውያን እንዲሆኑ ወሰኑ። በ2009 ዓ.ም. ካይል አቦትና ሪሊ ሩሶ የተባሉ ሁለት ነጭ ተጫዋቾች ብሔራዊ ቡድናቸውን ትተው ከእንግሊዙ ሃምፕሻየር ጋር ተዋዋሉ። ገሚሱ ሰው ኮታው አባረራቸው አለ፤ ገሚሱም ፓውንዱ ጠራቸው አለ። እኔ ፓውንዱ ባይኖር ኖሮ ቅሬታው ብቻውን ባሕር ያሻግራቸው ነበር ብዬ አላምንም። የነዚያ ቈጠራ ግን መልካምም ይሁን ክፉ በወረቀት የተጻፈ ነውና ሰው በግልጥ ይከራከርበታል። የኛው በሹክሹክታ ስለሆነ የሚረታውም የሚረታበትም የለም።

የጎጃም ሰው «ከኛ ለምን ጥቂት ተመረጡ?» ሲል እሰማለሁ። ዳገት ቢሆን የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ደራርቱ፥ ቀነኒሳና ጥሩነሽ የወጡባት በቆጂ ወደ 2,800 ሜትር ትሆናለች። በቆጂ ያላት ሌላ ነገር ነው፤ ሥንታየሁ እሸቱ የሚባል መምህር ልጆቹን በየማለዳው ለብዙ ዓመት አሠለጠነ። እኛ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ላይ እንዲህ ያለ መምህር ፈልገን አጥተን ነው ወይስ ሳንፈልግ ነው ምርጫውን የምንከሰው?

ማንኩሳን የሐዲስ ዓለማየሁ አንባቢ ሁሉ የበዛብህ አገር አድርጎ ያውቃታል። በዛብህ የስለት ልጅ ነበር፤ ሌሎች በአፋቸው የተሳሉትን እሱ በሕይወቱ ከፈለ። ይህ ትዝ ያለኝ በዘመድ ወገን የሆነ የ17 ዓመት ልጅ አንድ የውል ወረቀት አምጥቶ «ጋሼ፥ ያንብቡልኝ» ባለኝ ቀን ነው። ደላላ የላከው ነው፤ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ተጽፏል፤ ዐረብኛውን አላውቀውም። አባቱ እንዲፈርም ይፈልጋሉ። ሌላ ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 378 የኢትዮጵያ ዜግነቱ እንደሚቀርበት ነገርሁት። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ደንብም 20 ዓመት ሳይሞላው ለሌላ አገር ሊሮጥ እንደማይችል፥ ሦስት ዓመትም እንደሚጠብቅ አስረዳሁት።

ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝና፥ «እዚህ ብቀርስ ጋሼ፥ ማን ያየኛል?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ወረቀቱን አጥፎ በፌስታል ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ከተተና በቡሬ መንገድ እየሮጠ ወደ ቤቱ ሄደ።