ጭምብል የተቀረጸባት አንቀጽ

ዋለልኝ መኮንን ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጽሔት በ«ስትራግል» ላይ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ ዛሬም ያከራክራል። የሚያወድሱት ብዙ ናቸው፤ የሚረግሙትም አያንሱም። ክርክሩን ለባለቤቶቹ ትቼ እጁን ላደንቅ እወዳለሁ። በእንግሊዝኛ ከተጻፉት ከእነዚያ ጥቂት ገጾች ውስጥ አንዲት አንቀጽ አለች፤ ከተማሪዎች ንቅናቄ ጽሑፎች ሁሉ የእሷን ያህል ተጠንቅቆ የተሠራ አላነበብኩም።

አንቀጿ በጥያቄ ትነሣለች። የኢትዮጵያ ባህል የቱ ነው፣ ቋንቋዋስ፣ ሙዚቃዋስ፣ ብሔራዊ ልብሷስ? የፈለጋችሁትን ሰው ጠይቁ ይላል። አራቱም ጥያቄዎች አጀማመራቸው አንድ ነው፤ መልሱን ግን እስከ መጨረሻው አፍኖ ይይዘዋል። አንባቢው በየጥያቄው በልቡ ስለሚመልስ፣ ጸሐፊው አፍ አውጥቶ ሲናገር መልሱ ቀድሞ የአንባቢው ሆኗል።

ከዚያ ዝርዝሩ ይከተላል። አንድ ሰው ሙሉ ኢትዮጵያዊ ተብሎ እንዲቆጠር የሚጠየቀው ምንድን ነው? መጀመሪያ ምላሱ፦ አማርኛ መናገር። ቀጥሎ ጆሮው፦ የአማርኛ ሙዚቃ መስማት። ከዚያ እምነቱ። ከዚያ በዓለም አቀፍ ስብሰባ ላይ የሚለበሰው ሸማ። በመጨረሻ፣ አንዳንዴም ስም መቀየር። ሸማው ከእምነት በኋላ መምጣቱን ልብ ይሏል። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን ከልብስ ተነሥቶ ወደ እምነት በወጣ ነበር። ዋለልኝ ከከባዱ ወደ ቀላሉ ይወርድና፣ አንባቢው ፋታ ያገኘ ሲመስለው ስሙን ይነካዋል።

ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ለደሴ ሰው ባዳ አይደለችም። ዋለልኝ የተማረው ደሴ፣ ከኮምቦልቻም ከሌላውም የወሎ አውራጃ ልጆች ይመጡበት በነበረው በወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ነው። ወይዘሮ ስሂን የእቴጌ መነን እናት፣ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ናቸው። ንጉሥ ሚካኤል ደግሞ እስከ 1870 ዓ.ም. ኢማም መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር። ሚካኤል የተባሉት ከደሴ እምብዛም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ በተደረገበት በዚያ ዓመት፣ አፄ ዮሐንስ የክርስትና አባት ሆነዋቸው ሲጠመቁ ነው። ስለ ስም የተነገረችው ሐረግ በእንዲህ ያለ አገር ማብራሪያ አያሻትም፤ ዋለልኝም አላበዛባትም።

ዝርዝሩን የሚያስረው በጭምብል ነው። ምስሉን የተዋሰው ከማርቲኒኩ ሐኪም ከፍራንዝ ፋኖን መሆኑን እዚያው ይናገራል። ፋኖን በ1952 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ጭምብሉን ነጭ፣ ለባሹን ጥቁር አድርጎት ነበር። ዋለልኝ ቅኝ ባልተገዛች አገር፣ ጥቁር በጥቁር ላይ ስለሚያጠልቀው ጭምብል ተናገረበት። ከአንቀጿ ሁሉ ደፋሩ ሥራ ይህ ነው።

ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1963 እ.ኤ.አ. ከበርሚንግሃም እስር ቤት በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ የጥቁሮችን በደል አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበ ከ300 ቃል በላይ የሚዘልቅ ዓረፍተ ነገር አለው። ኪንግ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ዋለልኝ በአጭር በአጭሩ እየቆረጠ ያስቆማል። የአሠራራቸው መንገድ ቢለያይም ሁለቱም ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ገዛ ወገናቸው ነው፦ ያ ለሙያ ባልንጀሮቹ ለቀሳውስቱ፣ ይህ አብረውት ለሚሰለፉ ተማሪዎች። ወዳጅን የሚሞግት ሰው ቃሉን ይመርጣል።

ጽሑፉ ግን እስከ መጨረሻው በዚህ ጥራት አይዘልቅም። ወደ ኤርትራና ወደ ባሌ ትግል፣ ወደ መፍትሔውም ሲሻገር፣ ተሰፍተው የመጡ የዘመኑ የሶሻሊዝም ቃላት ይወርሱታል። ምላስን፣ ጆሮንና ሸማን ለይቶ ያየው ዓይን እዚያ የለም። ለአንድ ዝግጅት የተሰናዳ ስለሆነ ጥቅል አነጋገር እንደሚበዛበት፣ ዓላማውም ውይይት መቀስቀስ እንደሆነ መግቢያው ላይ ራሱ አስታውቋል።

ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድን አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክሩ ከተገደሉት መካከል፣ ከማርታ መብራህቱ ጋር፣ ዋለልኝ አንዱ ነበር። ያን ሁለተኛውን ክፍል ረጋ ብሎ ተቀምጦ እንደገና ሊጽፈው ይገባ ነበር።